ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምትደበዝዘው ፀሐይ

ከኮምቦልቻ የጻፈልኝ አንባቢ የፊዚክስ መምህር ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ የፊት ሌንሱ 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አለኝ። ካሜራዬን ከኋላው ገጥሜ ፀሐይን አነሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ጠርዟ ጥርት ይላል፣ ጥቁር ነጥቦቿም ይታያሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ትደበዝዛለች፣ ፎከሱን ባስተካክልም አትመለስም። ጥላ ውስጥ አሳርፌው ስመለስ ለጥቂት ጊዜ እንደገና ትጠራለች። ጨረቃን ማታ ሳነሳ ምንም ችግር የለብኝም። ካሜራውን ስፈታው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ፎከስ ማስተካከያው ደግሞ በቅርቡ ተጠግኖ ነበር፣ አሁን ይንሸራተታል። የፀሐይ ማጣሪያው ነው የሚቀየረው ወይስ ሌንሱ? ቀይ ማጣሪያ ብጨምርበትስ የፀሐይን ነበልባል ማየት እችላለሁ?»

መምህር፣ ይህን ጽሑፍ አንብበህ እስክትጨርስ ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ እንዳታዞረው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን።

ማጣሪያውን የት እንዳሰርከው አልጻፍክልኝም። እኔ ግን ደብዳቤህን ሁለተኛ ሳላነበው ገባኝ፦ ከኋላ፣ ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጋር በሚያገናኘው አዳፕተር አፍንጫ ላይ ነው ያሰርከው። ከቴሌስኮፑ ጋር በካርቶን ውስጥ የመጣች፣ የሃምሳ ሳንቲም ያህል የምትሰፋ ጥቁር አረንጓዴ መስታወት ናት አይደል? ወይም እሷን የመሰለች።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርህ። ጨረቃን ጥርት አድርጎ የሚያነሳ ቴሌስኮፕ ሌንሱ ጤነኛ ነው፤ ጠጋኙ ሌንሱን ገልብጦ ገጥሞት ቢሆን ኖሮ ጨረቃም ትደበዝዝ ነበር። ፎከስ ማስተካከያው ስለሚንሸራተት ነው እንዳልል፣ የተንሸራተተ ቱቦ ጥላ ውስጥ ስላረፈ ብቻ ወደ ቦታው አይመለስም፤ አንተ በእጅህ ስታስተካክለው ግን መመለስ ነበረበት። ሲሞቅ የሚበላሽ፣ ሲቀዘቅዝ የሚድን ነገር አንድ ብቻ ነው የቀረን። ሽታው ደግሞ ነገሩን ጨረሰው።

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር የገባው ሰው ዓይኑንም ካሜራውንም አያጣም። ፀሐይ ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የማንኛውንም ሌንስ የትኩረት ርዝመት ለ109 ብታካፍል፣ ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን መቀበያ) ላይ የምታርፈውን የፀሐይ ምስል ስፋት ታገኛለህ። ያንተ 700 ለ109 ሲካፈል 6.4 ሚሊሜትር ይሆናል፣ አንዲት የአተር ፍሬ ማለት ነው። የፊት ሌንስህ 70 ሚሊሜትር ስፋት ላይ የተቀበለውን ብርሃን ሁሉ በዚያች አተር ላይ ያከማቸዋል። 70ን ለ6.4 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ አባዛው፣ 120 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ያች ነጥብ ላይ 120 ፀሐይ በአንዴ በርታለች ማለት ነው። ጥርት ባለ ቀን የፀሐይ ጉልበት በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ ነው፤ በ70 ሚሊሜትር ቀዳዳ የሚገባው ወደ 4 ዋት ይደርሳል። አራት ዋት አምፖል ላይ ሲሆን ምንም አይደለም፤ አተር በምታክል ቦታ ላይ ሲያርፍ ግን ልጅ ሆነን በአጉሊ መነጽር ወረቀት ያቃጠልንበት እሳት ነው፣ ያውም ከዚያ በሰፋ ሌንስ።

ያንተ ማጣሪያ ከሴንሰሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴንቲሜትር ቀድሞ ስለተቀመጠ 120 እጥፍ አይደርስበትም። እዚያ ቦታ ላይ ብርሃኑ 15 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ስለዚህ 20 እጥፍ የሚሆን ሙቀት ይወርድበታል። ጥቁር መስታወት ሥራው ብርሃንን ውጦ ማስቀረት ነው፣ የዋጠው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። መሃሉ ይሞቃል፣ ዳሩ በቀለበቱ ተይዞ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀራል። መሃሉ ሲያብጥ ጠፍጣፋ የነበረው መስታወት ራሱ ያልታሰበ ሌንስ ይሆናል። የምትደበዝዘው ለዚህ ነው፣ ፎከስ የማይመልሳትም ለዚህ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው መሰንጠቅ ነው። ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አይነግርህም፤ ቀጭ ይልና 4 ዋቱ ሳይነካ ወደ ካሜራው፣ ዓይንህ እዚያ ካለ ወደ ዓይንህ ይገባል። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ሲቃጠል አያምህም። ጉዳቱን የምታውቀው በኋላ፣ ስታነብ መሃል ላይ ያለውን ፊደል ስታጣው ነው።

ከእነዚህ መስታወቶች አንዷን መቆንጠጫ ይዤ ከቀለበቷ ሳወጣት እጄ ላይ ለሁለት ተከፍላለች። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነበር፣ ቀለበቱ ይዞት ስለቆየ ባለቤቱ አላየውም። እንዲህ ያለ ዕቃ ልጅ ከሚገዛው ቴሌስኮፕ ጋር ተጠቅሎ መላኩ ያንገበግበኛል። ያንተን ዛሬውኑ በመዶሻ ስበርና ጣለው። ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው።

ማጣሪያ ከፊት ሲታሰር ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ብርሃኑ ገና ስላልተሰበሰበ በማጣሪያው ላይ የሚያርፈው ተራ ፀሐይ ነው፣ አብዛኛውም ተንጸባርቆ ይመለሳል። ቁጥሩ 5.0 የሆነ የፀሐይ ፊልም የሚያሳልፈው ከ100,000 አንዱን ነው። ከአራት ዋትህ ቱቦው ውስጥ የሚገባው 0.04 ሚሊዋት ይሆናል። ቱቦው አይሞቅም፣ ካሜራው አይሞቅም፣ ምስሉም ግማሽ ቀን ቢሆን አይሸሽም።

«የጠቆረ ነገር ሁሉ ይሠራል» የሚሉህን አትስማ። ዊልያም ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 ፀሐይን ለመመልከት ባለቀለም መስታወቶችን እየቀያየረ ሲሞክር፣ አንዳንዱ መስታወት ብርሃኑን አስቀርቶ ሙቀቱን እንደሚያሳልፍ አስተዋለ። ያን ተከትሎ ነው በፕሪዝምና በቴርሞሜትር ከቀዩ ወዲያ ያለውን የማይታይ ጨረር ያገኘው። የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት፣ ኤንዲ 1000 የሚባለው የካሜራ ማጣሪያ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለዓይን ጨለማ ይመስላሉ፣ የማይታየው ግን ሊያልፍ ይችላል። ኤንዲ 1000 በስሙም ቢሆን የሚቀንሰው 1,000 ጊዜ ብቻ ነው፣ የሚያስፈልግህ ግን 100,000 ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሆነችበት፣ እኛ ደሴ ላይ በከፊል ባየናት ዕለት፣ አንድ ወጣት በኤንዲ 1000 ብቻ ሲያነሳ ቆይቶ ማግስቱን ካሜራውን ይዞ መጣ። የሻተሩ (ከሴንሰሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስስ ቅጠል ላይ ዳሩ የተጨማደደ ቀዳዳ ነበር። ዓይኑ በመትረፉ ፈጣሪን አመሰገንኩ፣ ሻተሩን ግን ላድነው አልቻልኩም።

የብየዳ መስታወትም ቁጥር 14 ከሆነ ለባዶ ዓይን ይሆናል። ለፎቶ ግን አልወደውም። ፊትና ጀርባው እኩል ስላልሆነ ምስሉን ያደበዝዛል፣ ሁሉን ነገር አረንጓዴ ያደርጋል፣ አንዳንዴም ሁለት ፀሐይ ያሳያል። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ደግሞ ሻጩ ቢምልልህም አትግዛ።

አሁን ወደ ሥራው። ባደር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን አስትሮሶላር ፊልም በኤፎር ወረቀት ልክ ይሸጡታል፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስመጣ። 5.0 የሚለውን ብቻ ያምጣልህ። 3.8 የሚለው ለካሜራ ብቻ የተሠራ ነው፣ ያንተ ካሜራ በመስታወቱ በኩል ዓይን የሚያይበት ዓይነት ከሆነ አንድ ቀን ተሳስተህ ማየትህ አይቀርም። ፊልሙ እስኪደርስ ጸሐይዋን ተዋት።

ከወፍራም ካርቶን መሃሉ ክፍት የሆነ ሁለት ቀለበት ቁረጥ። የውስጥ ቀዳዳው ከፊት ሌንሱ ትንሽ ይስፋ። በአንዱ ላይ ሁለት ፊት የሚለጠፍ ፕላስተር አድርግ፣ ፊልሙን ጠረጴዛ ላይ በንጹሕ ሶፍት ላይ ዘርግተህ ቀለበቱን ከላይ አሳርፍበት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ግጠም። ፊልሙን እንደ ከበሮ ቆዳ አትወጥረው። ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሲጨማደድባቸው ደንግጠው ይስቡታል። የተጨማደደ ፊልም ምስሉን አይጎዳም፣ የተወጠረ ግን ይጎዳል። ቀጥሎ ከካርቶን አምስት ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ኮፍያ ሠርተህ ቀለበቱን ያዝበት፣ ቱቦው ላይ ጠበቅ ብሎ ይግባ። በሦስት ቦታም በፕላስተር ከቱቦው ጋር እሰረው። ነፋስ ኮፍያህን ካነሳው ያለ ማጣሪያ መሆንህ ነውና፣ ጠበቅ ብሏል ብለህ ፕላስተሩን አትተው።

ከመጠቀምህ በፊት ሁልጊዜ ወደ አምፖል አዙረህ እየው። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ካየህ ፊልሙን ቀይር። ትንሿን ማነጣጠሪያ ቱቦ ደግሞ ፈትተህ ቤት ተዋት። እሷም ሌንስ ናት፣ ማጣሪያ የላትም፣ ሕፃን ልጅ መጥቶ ሊያይባት ይችላል። ፀሐይን የምታገኘው በጥላ ነው፤ የቱቦው ጥላ መሬት ላይ አጥሮ ክብ ሲሆን ተስተካክሏል። ማጣሪያው ከፊት ሳይታሰር ቱቦው ወደ ፀሐይ አይዞርም፣ ቱቦው ከፀሐይ ሳይመለስም ማጣሪያው አይወልቅም።

ወደ ፎከስ ማስተካከያው ልምጣ። ከደብዳቤህ ጋር የመጣውን ፎቶ ሳየው የጠጋኙን እጅ ሥራ አወቅኩት፤ በጥርሱ ላይ የመኪና ግራሶ ተለቅልቋል። ግራሶ በቀዝቃዛ ጠዋት ይይዛል፣ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ግን ይለሰልስና ቱቦው ከነካሜራው ወደ ታች ይንሸራተታል። ሲቆይ ደግሞ ወደ ሌንሱ ይጓዛል። ተስቦ የሚወጣውን ቱቦ አውጥተህ ጥርሱን በፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፣ አድርቀው። ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ እኩል እኩል አጥብቅ፤ አንዱን ብቻ ብታጠብቅ ቱቦው ይዘማል። ከዚያ በኋላም ከተንሸራተተ ላክልኝ።

አዳፕተሩን ፈትተህ ውስጡን በባትሪ እየው፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ አውጣው። ካሜራውም ላይ ተራ ሌንስ ገጥመህ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብበህ፣ ፎከሱን አዛብተህ ነጭ ወረቀት አንሳ። በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ካለ፣ ወይ አቧራ ነው ወይ ሴንሰሩ ተጎድቷል።

አነሳሱን በአጭሩ፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ የሻተሩን ፍጥነት ከ1/250 ጀምረህ ወደ ላይም ወደ ታችም ሞክር። ፎከሱን በስክሪኑ ላይ አጉልተህ በጥቁር ነጥብ ላይ ያዝ፣ ነጥብ ከሌለ በጠርዟ ላይ። መንቀጥቀጥ እንዳይኖር በጊዜ መቁጠሪያው አንሳ። ርካሽ ሌንስ ቀለማትን አንድ ቦታ ስለማያሳርፋቸው፣ ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴውን ቻናል ብቻ ወስደህ ጥቁርና ነጭ አድርገው፣ ልዩነቱን ታየዋለህ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቀትር ላይ ከቆርቆሮና ከአስፋልት የሚነሳው ሙቀት አየሩን እንደ ፈላ ውኃ ያንቀሳቅሰዋል፣ የተሻለ ቴሌስኮፕም አያድንህም። ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ሳር ሜዳ ላይ ሆነህ ሥራ።

ስለ ቀዩ ማጣሪያ፦ አይሆንም። ነበልባሉ የሚታየው ሃይድሮጅን በሚፈነጥቀው በ656.28 ናኖሜትር ብርሃን ነው፣ ማጣሪያውም ከ0.1 ናኖሜትር ያልበለጠ ስስ ክፍል ብቻ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ያ ልዩ መሣሪያ ነው፣ ዋጋውም ከቴሌስኮፕህ ብዙ እጥፍ ነው። ተራ ቀይ መስታወት ፀሐይዋን ቀይ ከማድረግ በቀር ምንም አይጨምርልህም፣ ለሙቀትም መከላከያ አይሆንም።

ቸኩለህ እንዳትሳሳት ጊዜ አለህ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከደቡብ ስፔን በሉክሶር አድርጎ ወደ የመን የሚወርደው ሙሉ ግርዶሽ፣ ደመናው ከፈቀደልን፣ እኛ ጋ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። በከፊል ነው ማለት ደግሞ ማጣሪያው ለአንዲት ሰከንድም ከፊት አይወርድም ማለት ነው። ተማሪዎችህን ልትሰበስብ ካሰብክ ኮፍያውን አሁን ሥራው፣ ከክረምቱ በፊት ባለው ጥርት ያለ ጠዋት ሁሉ ሞክረው። የወረቀቱን ፎቶና የአዳፕተሩን ውስጥ አንስተህ ላክልኝ፣ ሴንሰሩ ተርፎ እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።