ጥያቄና መልስ፦ የሚያብጥ ጉልበት፣ የሚለበልብ እግር፣ የአባት መርፌ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሕመም ማስታገሻ ነገር ናቸው። ክረምት ሲገባ ቁርጥማት ያለበት ሁሉ መድኃኒት ቤት ትዝ ይለዋል መሰለኝ። ረዣዥሞቹን አሳጥሬያለሁ።

ዶክሲሳይክሊን (ጸረ ባክቴሪያው) ያቅለሸልሸኛል፤ በወተት ልዋጠው?

በወተት አይሆንም፣ ወተት መድኃኒቱን ይይዘዋል። እህል ቀምሰህ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ዋጠው፣ ወዲያው ጋደም አትበል። በጀልባ ወደ ዘጌ የምትሻገር ከሆነ ባርኔጣ አትርሳ፤ መድኃኒቱን እየወሰድክ ቆዳህ ከወትሮው ቶሎ በፀሐይ ይቃጠላል።

የላይም በሽታ የተወብኝን ሕመም የሚያጠፋ ከሁሉ የበረታ መድኃኒት የቱ ነው?

ጠያቂዋ ኮነቲከት ልጃቸው ዘንድ ቆይተው ባሕር ዳር የተመለሱ እናት ናቸው። እዚያ ሳሉ መዥገር ነክሷቸው፣ ላይም (መዥገር የሚያስተላልፈው የባክቴሪያ በሽታ) ተብለው፣ ዶክሲሳይክሊን ለሦስት ሳምንት ወስደው ጨርሰዋል። ዓመት አልፎም ቀኝ ጉልበታቸው ያብጣል፤ ሌሊት ደግሞ ሁለቱም እግሮቻቸው ይለበልቧቸዋል። ያላቸውን መድኃኒት ፎቶ አንስተው ልከውልኛል።

እናቴ፣ ከፎቶው ልጀምር። ረከቦቱ ላይ ሦስት ነገር ተደርድሯል፦ ልጅዎ የላከችልዎ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ዱሎክሴቲን፣ ጎረቤት «አንድ ወር ይወጉት» ብሎ ያመጣው ሴፍትሪያክሶን፣ ከእሽጉ በመቀስ ተቆርጠው የተሰጡ አራት ፍሬዎች። የፍሬዎቹ ስምና የማብቂያ ቀን ያለበት ጫፍ ሻጩ ዘንድ ቀርቷል። ከተረፉት ፊደላት ትራማዶል የሚባለው ብርቱ ማስታገሻ ይመስለኛል። ዱሎክሴቲኑን እየወሰዱ ከሆነ ትራማዶሉን አይንኩት። ሁለቱ ሲገናኙ ላብ ሊያጠምቅዎ፣ ልብዎ በኃይል ሊመታ፣ ሲብስም ሰውነትን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ዱሎክሴቲኑንም በድንገት አያቋርጡት፤ መቆም ካለበት ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ የበረታ መድኃኒት ፍለጋው ነው ሰውን የሚያሳስተው። እርስዎ ላይ ያለው ሁለት ዓይነት ሕመም ነው፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። የሚያብጠው ጉልበት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ ኢቡፕሮፌን ወይም ናፕሮክሲን የሚረዳው እሱን ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ደም ግፊት ከሌለብዎ፣ ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀናት። ካለብዎ የሚቀባውን ዲክሎፌናክ ይምረጡ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ለጉልበት ደህና አማራጭ ነው። ፓራሲታሞል ይረዳ ይሆናል፣ ብዙ ግን አይጠብቁ፤ በምንም መልኩ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከስምንት ፍሬ አይለፍ።

የሚለበልበው እግር የነርቭ ነው። ኢቡፕሮፌን በኪሎ ቢወስዱ አይሰማውም። ለእሱ የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን ወይም ልጅዎ የላከችው ዱሎክሴቲን ናቸው፤ ሦስቱም ባንድ ላይ አይደለም። በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ እያሉ ይጨመራሉ፣ ውጤታቸውም በሳምንታት እንጂ በማግስቱ አይታይም። ብዙ ሰው በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥላቸዋል። ደግሞም ሁሉን ነገር በላይም ከማላከክዎ በፊት ስኳርዎንና ቫይታሚን ቢ12ዎን ያስመርምሩ። እግር የሚለበልበው ከላይም ይልቅ በስኳር ነው፤ ይህን ሳያዩ ነርቭ ማከም ልፋት ነው።

ሴፍትሪያክሶኑን ለጎረቤትዎ ይመልሱለት። ጸረ ባክቴሪያ እንጂ ማስታገሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ታክመው ሕመሙ ያልለቀቃቸው ሰዎች ለ30 ቀን ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር፣ ከዚያ ለ60 ቀን ዶክሲሳይክሊን ወስደው፣ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው ሰዎች አልተሻሉም። በ2016 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናትም ሕክምናውን ማስረዘም ጥቅም እንዳላመጣ ነው ያሳየው። የደም ምርመራው አሁንም «አለ» ቢል አይደንግጡ፤ ሰውነት ለበሽታው የሠራው መከላከያ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል፣ ባክቴሪያው አለ ማለት አይደለም። ጉልበቱ ካልወረደ ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ከተቻለ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ዘንድ። ከታከመ ላይም በኋላ የሚቀር እብጠት የራሱ ሕክምና አለው፣ እሱን እኔ በጽሑፍ አላዝልዎትም። መድኃኒቶቹን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፣ ረከቦቱን ይተዉት።

ለሕመም አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ፤ ይህ የእብድ መድኃኒት አይደለም ወይ?

ለድብርትም ይታዘዛል፣ ለነርቭ ሕመምም፤ ለሕመሙ የሚሰጠው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ማታ ውሰጂው፣ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያጫጫናል። ስለ ጎረቤት ወሬ ደግሞ መድኃኒት የለኝም።

የፎገራ ከብቶቻችን መዥገር አላቸው፣ እኔንም ነክሶኛል። ላይም ይዞኝ ይሆን?

ስጋትህ ይገባኛል፣ ግን ላይምን የሚያስተላልፈው መዥገር በዋናነት የሰሜን አሜሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ ነው። ከብትህ ላይ ያለው ሌላ ዝርያ ነው። ከተነከስክበት ቀን በኋላ ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣብህ፣ የተነከሰው ቦታም ጥቁር ቅርፊት ካወጣ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ የእኛ መዥገርም የራሱን ትኩሳት ያመጣል። የላይም ዘመድ የሆነው ትኩሳት ግርሻ አገራችን አለ፣ ግን በሰው ልብስ ቅማል እንጂ በበሬ መዥገር አይደለም። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳ ሥር ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ፤ በክብሪት አታቃጥለው።

አባቴ ለወገቡ በየቀኑ ዲክሎፌናክ ይወጋል፤ ለግፊቱ ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን ይወስዳል። ችግር አለው?

አለው፣ ብዙ። ዲክሎፌናክ፣ ኢናላፕሪልና የሚያሸናው መድኃኒት ሲደራረቡ ኩላሊትን ከሦስት ወገን ይጎዱታል። ግፊቱም አልወርድ ሊል ይችላል፤ ሐኪሙ ስለ መርፌው ሳያውቅ ተጨማሪ መድኃኒት ያዝለታል። መርፌው ዛሬውኑ ይቁም፣ የግፊት መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። በዚህ ሳምንት ይዘኸው ሂድ፣ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፣ ኩላሊቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይሠራለት። ሽንቱ ከቀነሰ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ሳምንት አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል። «ሐኪም ያማክሩ» የምለው ብዙ ጊዜ ለወጉ ነው፣ ይሄኛው ግን አይደለም። መርፌውን ያለ ማዘዣ ለሚወጋው የሰፈር ልጅም ንገረው፤ አባትህ ብቻ አይደሉም የሚወጉት።

የተረፈ መድኃኒት ጣና ውስጥ ብጥል?

ለጣና እምቦጩ ይበቃዋል። የገዛህበትን መድኃኒት ቤት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቅ።