«ሦስት ወር ሠርቼ ኪሎዬ ያው ነው»፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ኮዬ ፈጬ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት አብረን የምንሮጥም የምንራመድም ሰዎች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ አመጣችሁ። «ስፖርት እየሠራሁ ኪሎዬ ለምን አይቀንስም?» ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ለ11 ዓመት ሰው ያሠራሁ ሰው ነኝ። ስትጠይቁ ስንት ሳምንት እንደሠራችሁ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነና ምን እንደምትበሉ ጨምሩ።

የመንታ እናት፦ ኮች፣ ሦስት ወር ሙሉ በሳምንት አራት ቀን መጥቻለሁ። ስጀምር 74 ነበርኩ። ትናንት ታክሲ መያዣው ጋ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ተመዘንኩ፣ 74። ቤቴ ሳልገባ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምን ብዬ ነው በዚህ ብርድ የምነሳው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ይሄን ረጋ ብዬ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ሚዛኑ። ያ ሚዛን የተቀመጠው ኮብልስቶን ላይ ነው፤ አንዱ እግሩ ድንጋዩን አይነካም። ባለፈው እኔም ወጣሁበት። ወርጄ ትንሽ ገፋ አድርጌው ደግሜ ስወጣ ሁለት ኪሎ ተለያየ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ሚዛን የሚፈልገው ደልዳላ ወለል ነው።

እሺ፣ ልክ ነው እንበል። ሚዛን ስብሽን ከጡንቻሽ አይለይም። የጠጣሽውን ውሃ፣ ገና ያልተፈጨውን ምሳ፣ አጥንቱን፣ ጫማውን ሁሉ ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጥሻል። ስፖርት የጀመረ ሰው ጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ ያጠራቅማል። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። የደከመ ጡንቻም ሲጠገን ውሃ ይቋጥራል። ስቡ በአንድ በኩል እየሄደ ውሃው በሌላ በኩል ሲገባ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ስብ 900 ግራም ገደማ ሲመዝን አንድ ሊትር ጡንቻ 1,060 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኪሎው እኩል ሆኖ ጡንቻው የሚይዘው ቦታ ያንሳል። ለዚህ ነው ሚዛኑ ዝም ብሎ ቀሚሱ የሚሰፋው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አራተኛ ፎቅ ነሽ አይደል? ስትጀምሪ ልጆቹን ይዘሽ ስትወጪ ስንቴ ታርፊ ነበር? አሁንስ? መጀመሪያ ቀን ወገብሽን ለክተን ነበር። ቁጥሩ አለሽ?

የማታ ተማሪ፦ ኮች፣ በቀን ስንቴ ልመዘን?

መልስ፦ በቀን አትመዘን። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄድክ በኋላ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ በአንድ ሚዛን። ጨው የበዛበት ምግብ የበላህ ማግስት ኪሎህ ይጨምራል፤ እሱ ውሃ ነው። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሊመጣ ሲል አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ። እሱም ውሃ ነው።

ባለ ሱቁ፦ ቦርጭ የሚያጠፋ ስፖርት ንገረኝ።

መልስ፦ ቦርጭን ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ስፖርት የለም። ስቡ ከየት እንደሚቀንስ የሚወስነው ሰውነትህ ነው።

ባለ ሱቁ፦ ላስቲክ ሆዴ ላይ ጠቅልዬ ብሮጥስ?

መልስ፦ የሚወጣው ላብ ነው። ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል። ላስቲክ አትጠቅልሉ፤ ሙቀቱን አፍኖ ሰው ይጥላል።

የሁለተኛ ሳይት ልጅ፦ ሚዛኑን ከተውነው በምን እንወቅ ታዲያ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት።

አንደኛ፣ የልብስ ስፌት ሜትር። መርካቶ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ታገኛለህ። መጨረሻዋን የጎን አጥንት በጣትህ ፈልግ። ከዚያ የዳሌህን አጥንት ጫፍ ፈልግ። የሁለቱ መሀል ላይ ሜትሩን አዙር። ሆድህን አትሳብ። ተንፍስና አየሩ ሲወጣ አንብብ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭመቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ የልብና የስኳር በሽታ ስጋት ይጨምራል ይላል። በየሁለት ሳምንቱ ለካ። ሚዛኑ ቆሞ ወገብህ ሁለት ሴንቲ ከቀነሰ ሥራው እየሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ የልብ ምት። ጠዋት ስትነቃ፣ ከአልጋ ሳትወርድ፣ ስልክህን ሳትነካ የእጅህ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርገህ 30 ሰከንድ ቁጠርና በሁለት አባዛ። በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። ልብህ ሲጠነክር ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። እኔ ስጀምር 82 ነበርኩ። በአራተኛው ወር 66 ገባሁ። በእነዚያ አራት ወራት ሚዛኔ የቀነሰው አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የልብ ምቴን ባልጽፍ ኖሮ በሁለተኛው ወር ትቼው ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ያቆምኩት ሚዛን እያየሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ዳገት። ከአስፋልቱ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለችውን ዳገት በወር አንዴ በሰዓት ያዝ። ያው ዳገት፣ ያው ጫማ። ሦስቱንም ደብተር ላይ ጻፍ። ስልክ ላይ አይደለም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከአዳማ የመጣው፦ እኔ እዚያ እያለሁ 10 ኪሎ ሜትር እሮጥ ነበር። እዚህ በሦስተኛው ትንፋሼ ይቆረጣል። ሰነፍኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አልሰነፍክም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ሳሳ። ለጥቂት ሳምንታት ፍጥነትህን ቀንስ፣ ይለምዳል።

የቱሉ ዲምቱው፦ ለዚያ ነዋ አትሌቶቹ ሱሉልታና እንጦጦ የሚወጡት። እኛም ቅዳሜ እንጦጦ እንሂድ።

የሁለተኛ ሳይት ልጅ፦ ከኮዬ እንጦጦ? ሁለት ሰዓት ታክሲ ወረፋ ቆመህ ምን ጉልበት ይተርፍሃል?

የቱሉ ዲምቱው፦ ኮንትራት እንይዛለን፣ ስምንት ሰው ከሆንን ይቀላል።

መልስ፦ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጀማሪ ይዛችሁ አትሂዱ። የኮንትራቱን ጉዳይ ለብቻ ተነጋገሩ።

የጾም ወጥ ወዳጅ፦ ኮች፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጾሜ፣ ስፖርትም ሠርቼ ሦስት ኪሎ ጨመርኩ። ወገቤም ጨመረ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ወገብሽ አብሮ ከጨመረ ውሃ ነው ብዬ አልሸነግልሽም። ምግብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። አንድ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራምደሽ የምታቃጥይው፣ እንደ ክብደትሽ፣ 300 ገደማ ቢሆን ነው። የጾም ሽሮሽ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ቁጠሪ። ከሰዓት ጾሙ ሲፈታ የሚበላው ፓስታና ዳቦ ይጨመርበት። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ አተሩን አብዢ፤ ዘይቱን በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም።

ዲያቆኑ፦ ይቅርታ ኮች፣ ጾም ለኪሎ አይደለም። ኪሎ ለመቀነስ የሚጾም ሰው አልጾመም።

የጾም ወጥ ወዳጅ፦ ማን ለኪሎ ጾምኩ አለ? ለምን ጨመርኩ ነው ያልኩት።

ዲያቆኑ፦ ጾም ላይ እኮ ምግቡ መጠነኛ ነው የሚሆነው። ዘይት እንዲህ መፍሰሱ ራሱ ከጾም መንፈስ ይወጣል።

የማታ ተማሪ፦ እናቴ ሁለት ሊትር በአንድ ሳምንት ትጨርሳለች፤ ማን ደፍሮ ይነግራታል?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ጾሙን ላንተ ትቻለሁ፣ በዘይቱ ግን ተስማምተናል። ወደ ስፖርቱ እንመለስ።

እማማ ከብሎክ 40፦ ልጄ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከእናንተ ጋር ልሩጥ?

መልስ፦ እማማ፣ ከመሮጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። እስከዚያ ደልዳላው መንገድ ላይ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙ። ጠዋት ከእኔ ጋር ከኋላ እንሄዳለን።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ስፖርት እሠራለሁ ግን ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ሳምንት? በሳምንት ስንት ቀን? ምን ትበላለህ? መጀመሪያ ላይ ጻፉ ብያለሁ።

አዲስ ገቢ፦ አንድ ሳምንት ሊሆነኝ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሳምንት ምንም አይታይም። የተመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ፑሽ አፕና ስኳት ዓይነት የጡንቻ ሥራ ነው። ሦስት ወር ያዘውና ና።

ሌላ አዲስ ገቢ፦ ላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ይረዳል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ። አትጠቅልሉ።

የሁለተኛ ሳይት ልጅ፦ ኮች፣ ጠዋት አልነሳ ያለኝ ቀንስ? ሁሉ ነገር የሚያስጠላኝ ቀን አለ።

መልስ፦ እንደዚያ ቀን «አንድ ሰዓት እሠራለሁ» አትበል። «ጫማዬን አስሬ እስከ ብሎኩ በር እወርዳለሁ» በል። ከበሩ መመለስ ካማረህ ተመለስ። እኔ ከበሩ የተመለስኩበትን ቀን ጥቂት ብቻ አስታውሳለሁ። ማታ ልብስህን ወንበር ላይ አውጣ። ደግሞ ሰው ቅጠር። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ መተኛት ይከብዳል።

የመንታ እናት፦ ኮች፣ ደብተሩን አገኘሁት። የመጀመሪያ ቀን 96 ነበር። አሁን ባለቤቴ ለካኝ፣ 90። ሁለቴ አስለካሁት። ደረጃውንም አሰብኩት፤ ድሮ ሁለተኛው ፎቅና ሦስተኛው ላይ አርፍ ነበር። ትናንት ሳላርፍ ነው የወጣሁት። ያለቀስኩት ላይኛው ደረጃ ላይ ነው።

መልስ፦ ስድስት ሴንቲ! ከ96ቱ ሥር ጻፊው። ቀኑንም ጻፊ። ጠዋት 12 ሰዓት ታንከሩ ጋ እንገናኝ።