«ቁም ሣጥኔን ስከፍት የማላውቃት ሴት ልብስ ነው የማየው»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ30 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ሥራ ከተመለስኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ከመውለዴ በፊት መልበስ በጣም እወድ ነበር። ቢሮ ውስጥ «ዛሬ ደግሞ ምን ለብሳ ትመጣ ይሆን?» የምባል ሴት ነበርኩ። አሁን በየቀኑ ያው ጥቁር ሱሪና ያው ሰፊ ሸሚዝ ነው። ጠዋት ቁም ሣጥኔን ስከፍት የማላውቃት ሴት ልብስ የማይ ይመስለኛል። አንዱም ልኬ አይደለም። ፀጉሬም በእፍኝ እየረገፈ ነው። ሰሞኑን እንደ ምንም ወስኜ አንድ ቀሚስ ገዛሁ። ባለቤቴ አየውና «አሁን ይሄ ያስፈልግሽ ነበር?» አለኝ። አማቴ ደግሞ «እናት ሆነሻል እኮ፤ ከእንግዲህ መልበስ ለልጅሽ ነው» አሉኝ። ቀሚሱን አጣጥፌ መለስኩት።

ሥራ ላይ ስሆን ልጄ ትናፍቀኛለች። ቤት ስገባ ደግሞ ሳልጨርሰው የመጣሁት ሥራ ይከነክነኛል። የማፍርበትን ልንገርዎት፤ አንዳንድ ቀን ቢሮ ስደርስ እፎይ እላለሁ። ባለቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም። «ምን ላግዝሽ?» ይለኛል። ጥያቄው ራሱ ግን ያናድደኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጅ ይዤ ስለ ልብስ የምጨነቅ ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን?

የአንዲት ሴት ልጅ እናት

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ራስ ወዳድ አይደለሽም። ራስ ወዳድ ብትሆኚ ኖሮ ቀሚሱን አጣጥፈሽ አትመልሺውም ነበር።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሥራ አለ፣ ልብስ አለ፣ ቤት አለ። ሲያዩት ሦስት ችግር ነው። እኔ ግን ሳነበው አንድ ጥያቄ ነው የታየኝ፦ «ከወለድኩ በኋላ እኔ ማን ነኝ?» የሚል። ቢሮ ስትገቢ የድሮዋን ሠራተኛ ለመሆን ትሞክሪያለሽ። ቁም ሣጥኑ ፊት ስትቆሚ የድሮዋን ዘናጭ ትፈልጊያለሽ። ቤት ውስጥ ደግሞ ምንም የማይጎድልባት እናት መሆን ያምርሻል። ሦስት ሙሉ ሰው በአንድ ሰውነት ውስጥ መኖር አይችልም። ስለዚህ ሰዓትሽን እንዴት እንደምትከፋፍዪ ከመነጋገራችን በፊት ስለ አንቺ እናውራ።

እናትነት ልጅ በተወለደበት ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዳና ራፋኤል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት (የሰውን ባህልና አኗኗር የምታጠና ባለሙያ) እናት መሆን ራሱን የቻለ፣ ጊዜ የሚወስድ ሽግግር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጽፋለች። ከእሷ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ከጉርምስና ጋር ያመሳስሉታል። ጎረምሳ ሰውነቱ ይቀየራል፣ ስሜቱ ይዋዥቃል፣ ልብሱ ያጥረዋል፣ ሰው የሚያይበት ዓይንም ይለወጣል። ሆኖም «በሦስት ወር ውስጥ ወደ ድሮህ ተመለስ» የሚለው የለም። አንቺን ግን ሁሉም እንደዚያ እየጠበቀሽ ነው። ከሁሉም አብልጠሽ የምትጠብቂው ደግሞ አንቺው ነሽ።

ለውጡ ከላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ ሴቶችን አንጎል ከእርግዝና በፊትና በኋላ በምስል አነጻጽሮ ነበር። የሌላን ሰው ስሜትና ፍላጎት ከመረዳት ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ላይ ጉልህ ለውጥ ተገኘ። ለውጡ ከሁለት ዓመት በኋላም አልጠፋም። ስለዚህ ድክመት የመሰለሽ ነገር ብዙው ድክመት አይደለም። ገና በመንገድ ላይ ነሽ።

ስለ ፀጉርሽ አትደንግጪ። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚጨምር መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ የቆየው ሁሉ ባንድ ላይ ይረግፋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ይጀምርና ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው ፀጉሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ከባድ ድካም ከታከለበት፣ ሐኪም የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ቢያደርግልሽ ጥሩ ነው። ከወሊድ በኋላ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ያጋጥማል፤ ብዙ ሴቶችም «የእናትነት ድካም ነው» ብለው ያልፉታል።

ወደ ልብሱ ልምጣ። ብዙ ሰው ይህን ቀላል ጉዳይ ያደርገዋል። እኔ አላደርገውም። አንቺ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ራስሽን የምታገኚው በልብስ በኩል ነበር። ቀለም ስትመርጪ፣ ጌጥ ስታዛምጂ «እኔ ይህቺ ነኝ» እያልሽ ነበር። ያ በር ድንገት ሲዘጋ ሐዘን ይሰማል። ሐዘን ነው ብዬ የምጠራው አውቄ ነው። ልጅሽን በፍጹም ልብሽ እየወደድሽ የድሮ ሕይወትሽን መናፈቅ ትችያለሽ። ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊ። የማይሆኑሽን ልብሶች በሙሉ ከቁም ሣጥኑ አውጪ። አትጣያቸው፣ ለሰውም አትስጪ። በሻንጣ አድርገሽ ከዓይንሽ አርቂያቸው። በየጠዋቱ ቁም ሣጥን በከፈትሽ ቁጥር ወቀሳ መስማት የለብሽም። ከዚያ ለዛሬው ሰውነትሽ የሚሆኑ ጥቂት ልብሶችን ብቻ አስቀሪ። የምታጠቢ ከሆነ ከፊት የሚከፈቱ ይሁኑ። በቀላሉ የሚታጠቡ፣ እርስ በርስ የሚዛመዱ ይሁኑ። የአንዳንድ ሴት እግር በእርግዝና ጊዜ ሰፍቶ እንደዚያው ስለሚቀር ጫማሽንም ለኪ። «ክብደት ስቀንስ እገዛለሁ» እያልሽ ራስሽን በማይሆን ልብስ አትቅጪ። ሰውነትሽ ዛሬም ልብስ ይገባዋል።

ቀጥሎ ይህን ራስሽን ጠይቂ። ከመልበስ ውስጥ የምትወጂው የቱን ነበር? ቀለሙን ነው? ልኩ ሰውነትሽ ላይ ቁጭ ማለቱን ነው? ሰው ዞር ብሎ ሲያይሽ ነው? ወይስ ጠዋት ብቻሽን መስታወት ፊት የምታሳልፊውን ጊዜ ነው? መልሱ ከሴት ሴት ይለያያል፤ መፍትሔውም እንደዚያው። ቀለሙ ከሆነ አንድ ደማቅ ሻርፕ ወይም ሊፕስቲክ ይበቃል። ብቸኛው ጊዜ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቀሚስ ብትገዢ አትረኪም። ያኔ የሚያስፈልግሽ በር ተዘግቶ፣ ልጅ በአባቷ እጅ ሆና፣ የአንቺ ብቻ የሆነ ሩብ ሰዓት ነው። ልብሱን ማታ አዘጋጅተሽ ተኚ። ጠዋት እንቅልፍ ባጣ አእምሮ መምረጥ ከባድ ነው።

ሌላም ልጨምር። ስልክሽ ላይ «ወልዳ በወሯ ወደ ድሮ ቁመናዋ ተመለሰች» የሚሉ ምስሎችን የምታዪ ከሆነ እነዚያን ገጾች ለጊዜው አትከተዪ። ከምስሉ ጀርባ ስንት ሰው እንደሚያግዛት አይታይሽም። የሚታይሽ ሆዷ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ስለምታፍሪበት ነገር። ቢሮ ስትደርሺ እፎይ ማለትሽ የልጅሽን ፍቅር አይቀንሰውም። ቢሮ ውስጥ ሥራ ተጀምሮ ያልቃል፣ «ጎበዝ» የሚልሽ ይኖራል፣ ሻይሽን ሳይቀዘቅዝ ትጠጫለሽ። ሰው ነሽና ደስ ይልሻል። «ልጄ ትጎዳብኝ ይሆን?» ብለሽ ከሰጋሽ የተሻለ መልስ የሚሰጠው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ ከ1,300 በላይ ልጆችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነው። ሕፃን በሌላ ሰው እጅ መዋሉ ብቻውን ከእናቱ ጋር ያለውን ትስስር እንደማይበጥስ አሳይቷል። ከፍተኛ ለውጥ ያመጣ የነበረው እናቲቱ የልጇን ምልክት አይታ የምትመልሰው መልስ ነው። ልጅ የሚውልበት ቦታ ጥራትም ግን ችላ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ጭንቀትሽን ሰዓት ከመቁጠር አውጥተሽ ልጅሽን የምትይዘው ሞግዚት ምን ዓይነት ሰው ናት ወደሚለው አዙሪው። ታጫውታታለች? ስታለቅስ ታነሳታለች? ከቤት ስትወጪ ልጅሽ ቶሎ እቅፏ ውስጥ ትገባለች?

በተለይ አሁን ልጅሽ የደረሰችበት ዕድሜ መለያየት የሚከብድበት ነው። በዚህ ሰሞን ስትወጪ አምርራ ማልቀስ ልትጀምር ትችላለች። ይህ የጤናማ ትስስር ምልክት ነው። ተደብቀሽ ግን አትውጪ። «እማዬ ሥራ ሄዳ ትመጣለች» ብለሽ፣ ስመሽ፣ ሳትመላለሺ ውጪ። ስንብቱ አጭርና በየቀኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ልጅ ይለምደዋል። ማታ ስትገቢ ደግሞ ስልኩንም ቦርሳውንም አስቀምጠሽ መጀመሪያ እሷን ያዣት። ወጥ ቤቱ ይቆያል።

የባለቤትሽ «ምን ላግዝሽ?» ለምን እንደሚያናድድሽ ልንገርሽ። በዚያ ጥያቄ ውስጥ አለቃዋ አንቺ ነሽ። ዳይፐር ማለቁን የምታውቂው አንቺ፣ የክትባት ቀን የምታስታውሺው አንቺ፣ ሞግዚቷ ስትቀር ሌላ መላ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ። እሱ የታዘዘውን ይሠራል፤ ማሰቡ ግን ካንቺ ጋር ይቀራል። ይህ ማሰብ ደግሞ ለዓይን ስለማይታይ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ እርዳታ አትጠይቂው። ሙሉ ኃላፊነት አስረክቢው።

ተረጋግታችሁ የተቀመጣችሁበት ቀን ጠብቂና እንዲህ በይው፦ «ስታግዘኝ ደስ ይለኛል። ግን ሁሉንም የማስታውሰው እኔ ስለሆንኩ ጭንቅላቴ አላርፍ አለ። ክትባቷንና ዳይፐሯን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያዘው። ቀኑንም አንተ አስታውስ፣ ግዢውንም አንተ ግዛ። እኔ አላስታውስህም።» ይህን ካልሽ በኋላ ከባዱ ድርሻ ያንቺ ነው፤ ዝም ማለት። ዳይፐሩን አንቺ በማትወጂው መንገድ ሊያስር ይችላል። ልጅቷን ያልተዛመደ ልብስ ያለብሳት ይሆናል። አንቺ ልብስ ስለምትወጂ ይህ ትንሽ ሊያምሽ ይችላል። ልጅቷ ደህና እስከሆነች ድረስ አታርሚው። በተታረመ ቁጥር ወደኋላ የሚል አባት ብዙ አይቻለሁ፤ እናቲቱም ሥራውን መልሳ ትረከባለች።

ሌሊቱንም ተካፈሉት። ከተቻለ በሳምንት ለጥቂት ሌሊቶች አራት አምስት ሰዓት ሳትነቂ የምትተኚበት መንገድ አብጁ። ያልተኛ ሰው ትንሹም ነገር ያስለቅሰዋል፤ ቁም ሣጥኑም እንደዚያው።

ስለ ቀሚሱ የተናገረውን ደግሞ አትገምቺ፤ ጠይቂው። «አሁን ይሄ ያስፈልግሽ ነበር?» ሲል ያሰበው ስለ ገንዘብ ከሆነ ልጅ መጥቶ ወጪ ስለጨመረ ፈርቶ ይሆናል። ያኔ መነጋገር ያለባችሁ ስለ በጀት ነው። እያንዳንዳችሁ ሳትጠያየቁ የምታወጡት ትንሽ ገንዘብ ይኑራችሁ። ስለ ገንዘብ ካልሆነና «እናት መዘነጥ የለባትም» ብሎ ከሆነ ግን ይህን በግልጽ መስማት አለበት፦ «ስለብስ ራሴን አገኛለሁ። ራሴን ሳገኝ ለእናንተም እሻላለሁ።»

አማትሽን አትከራከሪያቸው። «እማዬ፣ እውነትዎን ነው፣ ልጄ ትቀድማለች። እኔም ደህና ስሆን ነው የማሳድጋት» ብለሽ በአክብሮት እለፊ። ነገሩ ከተደጋገመ ለእናቱ መንገር ያለበት ባለቤትሽ ነው።

ስለ ሥራሽ አጠር ላድርግ። ከአለቃሽ ጋር ስትነጋገሪ «ከብዶኛል» ብቻ አትበይ፤ የምትፈልጊውን ለይተሽ ጠይቂ። የመውጫ ሰዓት ነው? ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለው ስብሰባ ነው? ለማጥባት ወይም ወተት ለማለብ የሚሆን እረፍት ነው? ይህ የመጨረሻው ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት የእናቶች ጥበቃ ስምምነት፣ ቁጥር 183፣ የማጥቢያ እረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይደነግጋል። አገሮች የሚያጸድቁትና የሚፈጽሙት እንደየሁኔታቸው ነውና የመሥሪያ ቤትሽን ደንብ አንብቢ። በዚህ ዓመት ተጨማሪ ኃላፊነት ካልወሰድሽ ሙያሽ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሐዘን ወይም ባዶነት ይሰማሻል? ድሮ የምትወጂው ሁሉ ጣዕም አጥቷል? ልጅሽ ተኝታ እንኳ መተኛት አቅቶሻል? «እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ የለቅሶ ስሜት በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ግን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በማንኛውም ወር ሊጀምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በቅርቡ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በዋናነትም ድብርት ነው። ይታከማል። የምታጠቢ ብትሆኚም ሐኪም የሚመርጥልሽ ሕክምና አለ።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ መልስሽ «አዎ» ከሆነ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ባለሙያ ሂጂ። ባለፉት 7 ቀናት ስለተሰማሽ ነገር 10 ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ ሊያስሞላሽ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ሳታሳምሪ መልሺ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ሳምንት አትጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ስትሄጂም ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ። አንቺ ያላስተዋልሽውን እሱ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ለባለሙያው የሚያነሳው የራሱ ጥያቄ ይኖረዋል።