በሰው ገጽ ላይ ለምትጽፉ ልጆቼ

ይድረስ ጽሑፋችሁን ለጋዜጣና ለመጽሔት ለምትልኩ ወጣቶች።

ከሥራ ዘመኔ አብዛኛው ያለፈው ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ በነበሩ የዝግጅት ክፍሎች ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሳነብ፣ ሳርምና ለጸሐፊው ስመልስ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» የሚል ወጣት ከቤቴ አልጠፋም። ከሚያመጡልኝ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የትም ሳይታተሙ ይቀራሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን በሰው ገጽ ላይ እንዴት እንደሚገባ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ገጹ የማን እንደሆነ እወቁ። የአንባቢው ነው። በአራት ኪሎ የእግረኛ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሰው አይታችሁ ይሆናል፤ ዛሬ ቁጥሩ ቢመናመንም። ለመግዣ የሚበቃ ገንዘብ ሳይኖረው ሳንቲም ቆጥሮ የተከራየው ያን ጋዜጣ ስለሚያምነው ነው። የእናንተን ስም ሰምቶት አያውቅም፤ ጽሑፋችሁን የሚጀምረው በጋዜጣው ስም ተማምኖ ነው። አዘጋጁ በዓመታት ልፋት ያገኘውን አመኔታ ለአንድ ገጽ ያህል ያውሳችኋል ማለት ነው። የተዋሱትን ነገር ሳያጎድሉ መመለስ ደግሞ ግዴታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንብቡ። አንድ እትም አገላብጦ «አውቀዋለሁ» ማለት አይበቃም። የጥቂት ወራት እትሞችን ተከታትላችሁ ምን ዓይነት ርዕስ እንደሚያስተናግድ፣ ጽሑፎቹ ምን ያህል እንደሚረዝሙ፣ አንባቢው ምን እንደሚያውቅ ተደርጎ እንደሚጻፍለት ተመልከቱ። የቆዩ እትሞች ካጣችሁ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለላችሁ፤ ስድስት ኪሎም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። አዘጋጁ ባለፈው ወር ያወጣውን ርዕስ ደግማችሁ ብትልኩለት ጋዜጣውን እንደማታነቡት ይገባዋል። «ስለዚህ ጉዳይ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ ያልተነሳ አንድ ነገር አለ» ብላችሁ ብትጽፉለት ግን ሥራውን አቁሞ ያነባችኋል።

ሙሉውን ጽሑፍ ከመላካችሁ በፊት አጭር ደብዳቤ ላኩ። አዘጋጆች ስለራስ ሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ተኩል ተጽፎ፣ ስለጽሑፉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለበት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ኖሯል። ጥሩ ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦ «የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በሕንፃችን የጋራ መገልገያ ቤት ኪራይ ላይ ስለተነሳው ክርክር 1,200 ቃላት ያህል መጻፍ እፈልጋለሁ። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አይቻለሁ፤ ከነዋሪዎች ሦስቱን፣ ከኮሚቴው ደግሞ ሰብሳቢውን አነጋግሬያለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አደርሳለሁ።» አለቀ። ማን እንደሆናችሁ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ማስረጃችሁ ከየት እንደመጣ፣ ርዝመቱና የምታደርሱበት ቀን ሁሉም አለበት። «ተወዳጁና ተነባቢው ጋዜጣችሁ» የሚለውን ተዉት፤ አዘጋጁ ውዳሴ አይቸግረውም፣ የሚቸግረው ጽሑፍ ነው።

ሰው ይዛችሁም አትምጡ። አጎታችሁ የዋና አዘጋጁ ጓደኛ ቢሆን እንኳ ስሙን ደብዳቤው ውስጥ አታንሱ። በአማላጅ የገባ ጽሑፍ ቢወጣ እንኳ አዘጋጁ ሳይወደው ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የእናንተን ስም ባየ ቁጥር ትዝ የሚለው አማላጁ ነው። መልስ ሲዘገይ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁና በትሕትና አስታውሱ። ገጽ ተዘግቶ ወደ ማተሚያ ቤት በሚላክበት ማታ ግን አትደውሉ። ያን ማታ በዝግጅት ክፍል ውስጥ ምሳውን ያልበላ ሰው አይታጣም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልግባ። አንዲት ልጅ ስለ ለገሃር ጽፋ አመጣችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ባቡር በዓለም ላይ እንዴት እንደተጀመረ የሚያትቱ ነበሩ፤ የትም የሚገኝ ነገር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን አያቷ ብቅ አሉ። በጣቢያው የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ጠዋት ጠዋት የባቡሩን ጡሩምባ ሳይሰሙ ቁርስ አይቀርቡም ነበር። «ከዚህ ጀምሪው» አልኳት። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች፤ ሁለቱን ገጽ ለመጻፍ ብዙ ደክማለችና። ግን የጋዜጣ አንባቢ አያቷን ሌላ የትም አያገኛቸውም፤ የዓለምን የባቡር ታሪክ ግን ከፈለገ ያገኘዋል። የማያውቃችሁ አንባቢ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው፤ እናንተ ብቻ ያላችሁን ነገር ፊት አምጡት።

እዚያው ጽሑፍ ላይ «ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ» የሚል ነበር። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ልክ ነው፤ በእኛ ግን ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። በእኛ 1917 የተጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ነው። የእሷን ጽሑፍና ስለ ብርሃንና ሰላም የተጻፈ ሌላ ጽሑፍ ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት የሆኑ ይመስለዋል፤ በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት አለ። አንባቢው ይህን ስህተት ሲያገኝ «እገሊት ተሳሳተች» አይልም፤ «ይሄ ጋዜጣ አያጣራም» ነው የሚለው። የአውሮፓውያንን ዘመን ስትጽፉ እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ፤ ወደ እኛ ስትመልሱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መቀነሱን አስታውሱ። ፊደልም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ላይ ጋዜጣው የሚከተለውን ተከተሉ። የራሳችሁን ምርጫ በራሳችሁ መጽሐፍ ላይ ታኖሩታላችሁ።

ትንሽ የሚመስል ግን የዲዛይነርን ቀን የሚያበላሽ ነገር ልጨምር። በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን በመሰለ የዩኒኮድ ፊደል ጽፋችሁ ላኩ። አራት ነጥብንም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አትሥሩት። በስክሪናችሁ ላይ ልዩነቱ አይታያችሁም፤ ጽሑፉ በጋዜጣ ዓምድ ሲጠብ ግን አንደኛው ሁለት ነጥብ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይቀርና ሌላኛው ቀጣዩን መስመር ይጀምራል። ዲዛይነሩ ያንን ዓምድ ለዓምድ እየለቀመ ሲያርም ያመሻል። እሱን ቤተሰቡ ይጠብቀዋል።

አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ቦታ ብቻ ላኩ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ለሦስት ጋዜጣ ልኮ ቀድሞ ያወጣውን መቀበል ብልህነት የሚመስላቸው አሉ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ቢያወጡት ግን ሁለቱም አዘጋጆች አንባቢያቸው ፊት ያፍራሉ፤ የአዲስ አበባ የጋዜጣ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ማኪያቶ የሚጠጣውም አንድ ቦታ ነው። ሌላ ቦታ መውሰድ ከፈለጋችሁ «ይህን ያህል ጊዜ ጠብቄያለሁ፣ አሁን ወደ ሌላ ልወስደው ነው» ብላችሁ ጻፉና ውሰዱ። ጋዜጣው ሳያወጣው ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። ከወጣ በኋላም የት እንደወጣ ጠቅሳችሁ አጋሩ።

የሰው ሥራ ስትጠቀሙ የባለቤቱን ስም ጥቀሱ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በታተመ ሥራ ላይ ተመጣጣኝ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ግን ይጠይቃል። ደራሲ ከሞተም በኋላ የኢኮኖሚ መብቱ 50 ዓመት ይቆያል። ፎቶግራፍም ሥራ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ስላገኛችሁት የእናንተ አይሆንም። ፎቶ ስትልኩ ማን እንዳነሳው፣ የትና መቼ እንደተነሳ፣ ፈቃድ እንዳላችሁ ከሥሩ ጻፉ።

የምትጽፉት ስለምትሠሩበት ድርጅት ወይም ስለዘመዳችሁ ሆቴል ከሆነ ገና ደብዳቤው ላይ ተናገሩ። መናገሩ ጽሑፋችሁን አይጥለውም፤ ብዙ ጊዜ አዘጋጁ አንድ መስመር ከሥሩ ጨምሮ ያወጣዋል። ደብቃችሁት ከተገኘ ግን የተሸጠ ገጽ ይመስላል፣ አንባቢውም ከዚያ ወዲህ ሌላውን ገጽ ሁሉ በጥርጣሬ ያነባል። ማስታወቂያ ማውጣት የሚፈልግ ሰው የማስታወቂያ ክፍል አለለት።

አርትዖት የሚያጣላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ርዕሳችሁ ይለወጣል፤ ተቀበሉ። ርዕስ ከገጹ ስፋትና በጎኑ ካለው ጽሑፍ ጋር ታይቶ የሚወሰን ነው፣ ያንን ደግሞ እናንተ አታዩትም። መግቢያ ይቆረጣል፣ የተደጋገመ ይወጣል፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈላል፤ ይህንንም ተቀበሉ። ለእያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ የሚከራከር ጸሐፊ ሁለተኛ ጊዜ አይጠራም። ነገር ግን ያላላችሁትን ነገር ካስባላችሁ፣ «ይመስላል» ያላችሁትን «ነው» ካደረገባችሁ፣ የሰውን ቃል ከቀየረባችሁ በጨዋነት ግን ሳትለሳለሱ «አይሆንም» በሉ። ያው የቅጂ መብት አዋጅ ደራሲው ሥራው ተዛብቶ ስሙን እንዳይጎዳ የመቃወም መብት ይሰጠዋል። ሁለቱን መለየት ካቃታችሁ የታረመውንና የራሳችሁን ለሦስተኛ ሰው አስነብቡና «ሐሳቡ አንድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ከሆነ ተዉት።

የአዘጋጁም ወገን ዕዳ አለበት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ወር ሙሉ ጽሑፍ ይዞ «አዎ» ወይም «አይ» ያለማለት ነውር ነው። ትልቅ ለውጥ ሲደረግ ለጸሐፊው ማሳየት ይገባል። ክፍያን በተመለከተ እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ይከፈላል ወይ፣ ስንት፣ መቼ? በእኛ ባህል ስለ ገንዘብ ቀድሞ መናገር ቢያሳፍርም ከወጣ በኋላ በር በር እያሉ መጠየቅ ይብሳል። በነፃ መጻፍ ከመረጣችሁም ዐውቃችሁ ምረጡ።

በብዕር ስም መጻፍ ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ዋና አዘጋጁ ግን ትክክለኛ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሊያውቅ ይገባል። «ጽሑፉ የጸሐፊውን እንጂ የዝግጅት ክፍሉን አቋም አያንጸባርቅም» የሚል መስመር ከሥር ቢታተምም ክስ ሲመጣ መጥሪያው መጀመሪያ የሚያርፈው የእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ሰው ክፉ ነገር ከጻፋችሁ ማስረጃውን እጃችሁ ላይ አድርጉ፤ ያንንም ሰው ሳታነጋግሩ አትጻፉ።

ከወጣ በኋላ አትጥፉ። የሚቃወም አንባቢ ይጽፋል፤ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረትም ስለ እሱ የተሳሳተ ነገር የወጣበት ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው። መልሱ ሲመጣ አዘጋጁ ይደውልላችኋል፤ ስልኩን አንሱ። የተቃወማችሁ ሰው ልክ ከሆነ ማረሚያ እንዲወጣ ቀድማችሁ የምትጠይቁት እናንተ ሁኑ። ልክ ካልሆነ ማስረጃችሁን በአጭሩ አስቀምጡ፣ ስድቡን እንዳላያችሁ እለፉት። አዲስ ጽሑፍ ለማቅረብ ስታስቡ ደግሞ አንባቢዎች በመጀመሪያው ላይ ያነሱትን ጥያቄ ሰብስቡ፤ ሁለተኛውን ደብዳቤ ከዚያ ጀምራችሁ ጻፉት።