የጦሩ ጫፍ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ፣ ኬንት ነው። አንድ ገበሬ አስፈቅጄ ማሳው ውስጥ በሜታል ዲቴክተር ስፈልግ የዛገ የጦር ጫፍ አገኘሁ። ያየው ባለሙያ የመካከለኛው ዘመን ነው ብሎኛል። የእኔ ነው? ጎንደር ላሉት አባቴ በስጦታ ብወስደውስ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ግን ሻንጣ ውስጥ ለመክተት አይቸኩሉ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው እ.ኤ.አ. የ1996ቱን «ትሬዠር አክት» ነው፤ ተቆፍሮ ስለሚገኝ ጥንታዊ ውድ ሀብት («ትሬዠር») የሚደነግገውን ሕግ ማለቴ ነው። እርስዎን የሚነካዎት አይመስለኝም። ሕጉ በዋናነት የሚፈልገው ከ300 ዓመት በላይ የቆየና ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር ያለበትን ዕቃ ነው። ከ2023 ወዲህ ለታሪክ የተለየ ፋይዳ ያለው፣ 200 ዓመት የሞላው ሌላ የብረታ ብረት ዕቃም ተጨምሯል፤ ተራ የጦር ጫፍ እዚያ መድረሱን እጠራጠራለሁ። አብሮት የብር ጌጥ ነገር ከወጣ ግን ጨዋታው ይለወጣል። በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር (እንዲህ ያለውን ግኝት ለሚመረምረው ባለሥልጣን) ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ዝም ማለት ያሳስራል።

«ትሬዠር» አይደለም ማለት ግን የእርስዎ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በእንግሊዝ ሰሬይ (Surrey) አውራጃ ካለው ፋርንሃም ፓርክ የመካከለኛው ዘመን የወርቅ ጌጥ ቆፍሮ አውጥቶ ነበር። ጌጡ ለመንግሥት የሚገባ ሀብት አይደለም ተባለ። ሰውዬው ግን አልተጠቀመም። በ1995 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የባለመሬቱ፣ የአካባቢው አስተዳደር የዌቨርሊ ካውንስል መብት ይቀድማል ሲል ወሰነ። መሬት ውስጥ ያለ ነገር የባለመሬቱ ነው፣ አለቀ።

ታዲያ የገበሬው ፈቃድስ? «ፈልግ» ማለትና «ያገኘኸውን ውሰድ» ማለት ለየቅል ናቸው። ደግሞስ ማሳው የራሱ ነው ወይስ ተከራይቶ ነው የሚያርሰው? ተከራይ ከሆነ ዋናውን ባለቤት ይፈልጉ። ባለመሬቱን ያሳዩትና ጦሩን ለእርስዎ መተዉን በአንዲት ወረቀት ያስፈርሙት። ይህ ሳይሆን ቢሸጡት ወይም ቢያስቀሩት በስርቆት ሊጠየቁ ይችላሉ። ቦታው በሕግ የተጠበቀ የታሪክ ስፍራ አለመሆኑንም ያጣሩ፤ እዚያ ያለ ልዩ ፈቃድ በዲቴክተር መፈለግ ራሱ ወንጀል ነው። (ስኮትላንድ ቢሆኑ ደግሞ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ እዚያ ብረቱም ቢሆን ለመንግሥት ይነገራል።)

ወደ ጎንደር መውሰዱን በተመለከተ፦ ከእንግሊዝ አፈር የወጣ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ጥንታዊ ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ይጠየቅበታል። ማመልከቻው የሚገባው የሥነ ጥበብና የባህል ተቋም ለሆነው ለአርትስ ካውንስል ኢንግላንድ ነው። ያለዚያ ኤርፖርት ላይ ሊያዙ ይችላሉ። ለአባትዎ ለጊዜው ፎቶውን ይላኩላቸው።