«በእኔ ካሜራ የተሠራ ነው»

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሰርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። ባለፈው ሚያዝያ በእረፍት ቀኖቼ ጮቄ ሥር ወርጄ የመጀመሪያ ፊልሜን ሠራሁ፤ 22 ደቂቃ ነው። ድርሰቱም ዝግጅቱም የእኔ ነው። ጓደኞቼ በነፃ ተወኑልኝ። ካሜራው የአለቃዬ ነው፤ ለምሳና ለትራንስፖርትም 8,000 ብር ሰጥቶኛል። አሁን ስሜን ቆርጦ ፊልሙን በፎቶ ቤቱ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀው። ስጠይቀው «በእኔ ካሜራ፣ በእኔ ብር፣ በእኔ ሠራተኛ የተሠራ ነው» አለኝ። ፊልሙ ላይ አንድ መሰንቆ ተጫዋችና አንዲት እማሆይ አሉ፤ ከሁለቱም ጋር የተስማማነው በቃል ነው። ማይኩ ዝናብ ገብቶበት ሲበላሽም 1,500 ብር ከደሞዜ ተቆርጧል። የቻናሉን የይለፍ ቃል አውቀዋለሁ፤ ያልተቆረጠው ቀረጻ ያለበት ሃርድ ዲስክም ሱቁ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የካሜራውን ነገር ተወው። በሬ ያዋሰ ሰው ኪራዩን ይጠይቃል እንጂ ማሳው የእኔ ነው አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልምን ባለቤትነት የሚሰጠው፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ ለፕሮዲዩሰሩ ነው። ፕሮዲዩሰር የሚባለውም ሥራውን የጠነሰሰውና ኃላፊነቱን የተሸከመው ሰው ነው። ፊልሙ ባለመመዝገቡም አትስጋ፤ ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው።

«በእኔ ሠራተኛ» ያለው ግን ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው በተቀጠረበት ሥራ ላይ የፈጠረው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል አዋጁ። ስለዚህ ክርክሩ የሚዞረው ጮቄ የወረድከው ተልከህ ነው ወይስ በራስህ ቀን በሚለው ላይ ነው። አለቃህ የጻፈልህን የቴሌግራም መልእክት አያይዘህ ልከህልኛል፦ «ሰኞና ማክሰኞ ይዘኸው ሂድ፤ ረቡዕ የመልስ ቀረጻ ስላለብን ባትሪውን ቻርጅ አድርገህ አምጣ»። ሠራተኛውን ለሥራ የሚልክ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ይህ የሚያውስ ሰው ቋንቋ ነው። መልእክቱን ፎቶ ማንሳቱ ብቻ አይበቃህም፤ ንግግሩ ሳይጠፋ ስልኩን ራሱን አስቀምጥ።

እኔን ያሳሰበኝ 8,000 ብሩ ነው። «ሰጥቶኛል» ብለህ አለፍከው፤ በምን ስም ነው የሰጠህ? ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ የድርሻ መዋጮ? ብድር ነው ቢል አይከብድህም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነውና። እሱ ግን ብድር ነው አይልም። «ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፕሮዲዩሰሩም እኔ ነኝ» ይላል። እዚህ ላይ በደብዳቤህ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጻፍካት ነገር ታድንሃለች፦ ማይኩ ዝናብ ገብቶበት ሲበላሽ 1,500 ብር ከደሞዝህ ተቆርጧል። የራሱን ፊልም የሚያሠራ ሰው በቀረጻ ላይ ለተበላሸ ዕቃ ሠራተኛውን አያስከፍልም። ኪሳራው የማን እንደሆነ አለቃህ በራሱ የደሞዝ መዝገብ ላይ ጽፎታል፤ የዚያን ወር የደሞዝ ወረቀት ፈልገህ ያዝ። 8,000 ብሩን ግን አልተቀበልኩም እንዳትል። ልመልስልህ ብለህ በጽሑፍ አቅርብለት።

ስምህን በተመለከተ ብዙ መከራከር የለብንም። ፊልሙ የእሱ ነው ቢባል እንኳ የደራሲነት ስም የሞራል መብት ነው፤ የጥቅሙ ባለቤት ማንም ቢሆን ከአንተ ጋር ይኖራል። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰውንም በጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ይህችን ግን በየቡና ቤቱ እያነሳህ አታስፈራራበት።

አሁን ወደ ራስህ ቤት ግባ። መሰንቆ ተጫዋቹ ዜማው የአገር ቢሆን እንኳ ግጥሙን እዚያው የገጠመው እሱ ከሆነ ግጥሙ የእሱ ነው፤ በክዋኔውም ላይ መብት አለው። መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 መሠረት ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ከሆነ አውራ ጣቱን አስነክተህ አትመለስ፤ በሚመለከተው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስረውም። ውልና ማስረጃ ይዘኸው ሂድ፣ የሚገባውንም ክፈለው። የእማሆይ ይቀላል። የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል እንጂ ፈቃዱ የግድ በወረቀት ይሁን አይልም። ፊልሙን አሳያቸውና «ፈቅጃለሁ» ሲሉ ቅረጻቸው። ካልፈቀዱ ግን ቁረጠው፤ እማሆይን ተከራክረህ አታሸንፋቸውም።

የቻናሉን የይለፍ ቃል አውቀዋለሁ ብለሃል። እንዳትነካው! ገብተህ ብታጠፋው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ። ያልተቆረጠው ቀረጻ ያለበትን ሃርድ ዲስክም ማታ ከሱቁ አታውጣ። ሊያጠፋው ይችላል ብለህ ከሰጋህ ፍርድ ቤት የዕግድ ትእዛዝ ይሰጥሃል። ጉዳዩ የፌዴራል ቢሆንም አዲስ አበባ አትመላለስም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራሉን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። ለዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ ማቅረብም ትችላለህ። ግን አለቃህ መቃወሚያ ካስገባ ክስ መመሥረትህን የምታሳይበት ጊዜ 10 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ማስረጃህን ሳታዘጋጅ አትጀምረው።

ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌ ላክበት። ነገ ተነገ ወዲያ ሰርግ ላይ የምትገናኙ ሰዎች ናችሁ፤ እሱም ካሜራውን ሳይሰስት የሰጠህ ሰው ነው። ከታረቃችሁ ይቅር መባባሉ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀት ላይ ይውረድ። ስምህ እንዲመለስ፣ ያልተቆረጠው ቀረጻ እንዲሰጥህ፣ 8,000 ብሩ ተመልሶ ሌላ ጥያቄ እንደማይኖር ይጻፍበት። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ምስክር ሆነው ይፈርሙ። ከመፈረምህ በፊት ረቂቁን ላክልኝ፤ አየዋለሁ።