የድሮ ሚዲ ሲንተሳይዘርን ዊንዶውስ 11 ላይ ማስነሳት፦ ለኮምቦልቻው ጥያቄ መልስ

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር፤ ሥራህ አልጠፋም። ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የሠርግና የዘፈን ቅንብር ሲሠራበት የቆየ የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒዩተር ተበላሽቷል። እዚያ ላይ የነበረው የያማሃ ኤስ ዋይ ኤክስ ጂ 50 ሲንተሳይዘር (ኖታውን ወደ መሣሪያ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም) በአዲሱ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ላይ አልጫን ብሏል። የሚዲ ፋይሎቹ (ድምፅ ሳይሆን የኖታ ትእዛዝ የያዙት) ደግሞ በዊንዶውሱ ማጫወቻ ሲከፈቱ ከፊሉ ከበሮ ፒያኖ ሆኖ ይመጣል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ምንም ነገር ከመጫንህ በፊት የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጣ። ኮምፒዩተሩ የሞተው በፓወር ሰፕላይ ወይም በማዘርቦርድ ከሆነ ዲስኩ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ገመዱን እይ፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ አይዲኢ ነው፣ ጠበብ ያለ ከሆነ ሳታ። ለሁለቱም ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ አለ፤ ኮምቦልቻ ካጣህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የኮምፒዩተር ጥገና ቤቶችን ጠይቅ። የዴስክቶፕ ዲስክ፣ ማለትም 3.5 ኢንቹ፣ ከዩኤስቢ በሚያገኘው ኃይል ብቻ አይዞርም፤ 12 ቮልት የሚሰጥ የራሱ አዳፕተር ያለው ገመድ ግዛ። አይዲኢ ከሆነ ከጀርባው ያለችው ትንሿ ጃምፐር ማስተር ላይ መሆኗን አረጋግጥ፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ ዲስኩን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ ንቀልና ለሚያውቅ ሰው ስጥ፤ ደጋግሞ ማስነሳት ያባብሰዋል።

ከዲስኩ ላይ የምትወስደው ሚዲ ፋይል ብቻ አይደለም። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ስታይንበርግ በሚለው ሥር ቪኤስቲ ፕለጊንስ (በሌላ የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈቱ ተቀጥላ ፕሮግራሞች) የሚባል ፎልደር ካለ ሙሉውን ቅዳ። የሲንተሳይዘሩንም ፎልደር ሙሉውን ቅዳ። ብዙ ሰው የሚረሳው የድምፁን ናሙና የያዘውን ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ትንሽ ነው፤ ድምፁ ያለው በተለየ ፋይል ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም የሚቀመጠው ከፕሮግራሙ ጋር ሳይሆን በዊንዶውሱ ሲስተም ፎልደር ውስጥ ነው። ያ ፋይል ከሌለ ሲንተሳይዘሩ ይከፈታል፣ ኖታው ሲገባ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። የቀዳኸውን ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

አሁን ወደ አለመጫኑ። ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንደኛው፣ ሲንተሳይዘሩ 32 ቢት ሆኖ ሳለ የመጫኛው ፕሮግራም 16 ቢት የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ሲዲዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 16 ቢት ነገር ጨርሶ አያስኬድም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ64 ቢት ብቻ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው፣ ሲንተሳይዘሩ እንደ ድራይቨር ሆኖ ወደ ዊንዶውሱ እምብርት የሚገባ ዓይነት ነው። በኤክስፒ ዘመን የነበረው ኤስ ዋይ ኤክስ ጂ 50 እንዲህ ያለ ድራይቨር ነበር። 32 ቢት ድራይቨር 64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ በምንም መንገድ አይገባም። ሦስተኛው፣ ፕለጊን ነው ግን 32 ቢት ነው፤ 64 ቢት የሆነ የሙዚቃ ፕሮግራም በቀጥታ አይቀበለውም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ አድርገው፣ ወይም የድራይቨር ፊርማ ማረጋገጫውን አጥፋው የሚሉህን አትስማ። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ለተራ ፕሮግራም ነው፤ ድራይቨርን አይመለከትም። የፊርማ ማረጋገጫውን ብታጠፋውም 32ቱ ቢት 64 አይሆንም፤ የምታተርፈው ላፕቶፕህን ለቫይረስ መክፈት ብቻ ነው።

የሚሠራው መንገድ ሲንተሳይዘሩን በፕለጊን መልኩ ይዞ 32 ቢት በሆነ ሆስት (ፕለጊኑን ተሸክሞ በሚያስኬድ ፕሮግራም) ውስጥ መክፈት ነው። ኤስ ዋይ ኤክስ ጂ 50 በፕለጊን መልክም አለ፤ 32 ቢት ብቻ ነው። የኤዲሮል ሃይፐር ካንቫስም እንዲሁ። 64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት ፕሮግራምን ያለ ችግር ያስኬዳል፤ ስለዚህ ሆስቱም ፕለጊኑም 32 ከሆኑ ነገሩ አለቀ። ለዚህ ቪኤስቲሆስት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በሁለት ዓይነት ነው የሚወርደው፤ ኤክስ86 የሚለውን ውሰድ፣ ኤክስ64 የሚለውን ተው። መጫን አያስፈልገውም፣ ዚፑን መፍታት ብቻ ነው።

ፎልደሩን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታድርገው፤ የድሮ ፕሮግራም ቅንብሩን የሚጽፈው በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ መጻፍ ይከለክለዋል። ሲ ድራይቭ ሥር አዲስ ፎልደር ክፈትለት፣ ስሙንም በላቲን ፊደል ጻፈው። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ እኛ አገር ዋነኛው የችግር ምንጭ ነው። የዚያ ዘመን ሶፍትዌር ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት የሚይዘውን የጋራ ኮድ) አያውቅም፤ አማርኛ ደግሞ ከዩኒኮድ ውጭ ዊንዶውስ ላይ የራሱ ኮድ ገጽ የለውም። «ትዝታ» ብለህ የሰየምከው ፋይል ለፕሮግራሙ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ፋይሉ አልተገኘም ይልሃል። የላፕቶፑ ተጠቃሚ ስም ራሱ በአማርኛ ከተጻፈ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ማንኛውም ፋይል ላይከፈት ይችላል።

ፕለጊኑ በሲስተም ፎልደር ውስጥ የነበረ ረዳት ፋይል ከፈለገ፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ32 ቢት ፋይሎች ቤት ሲስተም32 ሳይሆን ሲስዋው64 ነው። ስሙ የተገላቢጦሽ ነው ግን እንዲያ ነው። ይልቅ ረዳት ፋይሉን ከፕለጊኑ ጎን አስቀምጠህ መጀመሪያ ሞክር። የማይክሮሶፍት ቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ጎደለኝ ካለህ፣ የሚጫነው ኤክስ86 የሚለው ነው፣ ላፕቶፑ 64 ቢት ቢሆንም።

ቀጥሎ የምትፈልገው ሚዲውን ከማጫወቻህ ወደ ሆስቱ የሚያደርስ ምናባዊ ገመድ ነው። ሉፕሚዲ የሚባለውን ጫን፤ ስም ጽፈህ የመደመር ምልክቷን ስትጫን ፖርት ይፈጠራል። ማጫወቻህ ወይም ሲኩዌንሰርህ (ሚዲ የምታቀናብርበት ፕሮግራም) ላይ የሚዲ መውጫውን ወደዚያ ፖርት አድርግ። ቪኤስቲሆስት ላይ ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ገብተህ የሚዲ መግቢያውን ያንኑ ፖርት አድርግ፤ መውጫውን ግን ባዶ ተው። መውጫውንም ያንኑ ካደረግኸው ምልክቱ ክብ ይዞራል፤ ሉፕሚዲ ይህን ሲያይ ፖርቱን ይዘጋዋል፣ አንተም ድምፅ ለምን ጠፋ ብለህ ስትፈልግ ትውላለህ። ሉፕሚዲ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርገው፤ እሱ ካልተከፈተ ፖርቱ የለም። በሪፐር የሙዚቃ ፕሮግራም የምትሠራ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም፤ 64 ቢቱ ሪፐር የ32 ቢት ፕለጊን በራሱ ድልድይ ይከፍታል። ኩቤዝ ግን ከ9ኛው ጀምሮ 32 ቢትን ትቷል።

አሁን ከበሮው ፒያኖ የሆነበት ጉዳይ። ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ፋይሉ የተሠራበት ሥርዓትና የሚያጫውተው ሥርዓት አልተግባቡም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ የሚባለው የጋራ ሥርዓት 128 ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ከበሮም በ10ኛው ቻናል ብቻ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የማይክሮሶፍት ጂኤስ ሲንት የሮላንድን ድምፅ የያዘ 3 ሜጋ ገደማ ፋይል ነው የሚጠቀመው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ኤክስ ጂ ደግሞ ባንክ ኤምኤስቢውን (የድምፅ ስብስቡን ከሚመርጡት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያውን) 127 በማድረግ በየትኛውም ቻናል ላይ ከበሮ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። የኛ አቀናባሪዎች ዋናውን ድራም ቻናል 10 ላይ አድርገው ከበሮና ጭብጨባውን ቻናል 9 ወይም 11 ላይ ማድረግ ይወዳሉ፤ ድምፁን ለብቻው ከፍ ዝቅ ለማድረግ ይመቻል። ያ ፋይል ኤክስ ጂ በማያውቅ ሲንት ላይ ሲጫወት 127ቱን ባንክ ስለማይረዳው ወደ መጀመሪያው ድምፅ፣ ወደ ፒያኖ ይመለሳል። ያየኸው ይሄንኑ ነው። ልዩ ልዩ ድምፆቹም እንዲሁ ይምታታሉ፦ ኤክስ ጂ ዓይነቱን በኤልኤስቢ (በሁለተኛው ቁጥር) ይለያል፣ የሮላንዱ ሥርዓት ጂኤስ በኤምኤስቢ።

ትክክለኛውን ሲንት ካገኘህ በኋላም ከበሮው ፒያኖ ከሆነ የፋይሉን መጀመሪያ ፈትሽ። ኤክስ ጂን የሚያበራ የሪሴት መልእክት መኖር አለበት፤ ከሱ በኋላ ሲንቱ ራሱን እስኪያስተካክል 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሪሴቱ፣ የባንክና የድምፅ ምርጫው፣ የመጀመሪያው ኖታም ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ከተከመሩ ምርጫው ይጠፋል። ሪሴቱን የመጀመሪያው ባር መጀመሪያ ላይ፣ የባንክና የድምፅ ምርጫውን ከሦስተኛው ምት ጀምሮ ጥቂት ቲክ እያራራቅህ፣ ኖታውን ከሁለተኛው ባር አስጀምር። በርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ከኪቦርድ የምትቀዳ ከሆነም ተጠንቀቅ፤ አንዳንዶቹ ረጃጅም የሲስተም መልእክቶችን ይቆርጣሉ፤ ኖታ ያልፋል፣ ሪሴት አያልፍም።

ወሎ ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ከዚህ የሚከብደው የቅኝቱ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ አምባሰልና አንቺሆዬ ስናቀናብር ኪቦርዱ ላይ የተወሰኑ ኖታዎችን በሳንቲም (በግማሽ ድምፅ መቶኛ) ዝቅ ከፍ እናደርጋለን፤ ከማሲንቆና ከድምፃዊው ጋር እንዲስማማ። ከሲ የሚነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ዲ ፍላቷ እንደ ፒያኖ ቀጥ ስትል ጆሮ ወዲያው ያውቃታል። ኤክስ ጂም ጂኤስም ለየቻናሉ 12ቱን ኖታ እስከ 60 ምናምን ሳንቲም የማስተካከያ መልእክት አላቸው፤ የመጀመሪያው ጄኔራል ሚዲ የለውም። ችግሩ ግን ኪቦርዱ ላይ ያስተካከልከው በፋይሉ ውስጥ ላይቀረጽ መቻሉ ነው። ስለዚህ አዲሱን ዝግጅት ስትፈትሽ በትዝታ ሜጀር አትፈትሽ፤ እሱ በምንም ሲንት ደህና ይመስላል። አንድ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ክፈት። ቅኝቱ ከጠፋ ለየቻናሉ መልእክቱን በሲኩዌንሰሩ አስገባ። ሲንቱ መልእክቱን ካልተቀበለ የቀረው በፒች ቤንድ (ድምፁን ወደ ላይ ወደ ታች በሚጎትተው መልእክት) ኖታ በኖታ መሥራት ነው፤ እሱም ለነጠላ ዜማ እንጂ ለኮርድ አይሆንም፣ ቻናሉ ላይ ያለውን ኖታ ሁሉ አብሮ ይጎትታልና።

የድምፅ መዘግየትን በተመለከተ፣ ፋይል ለማጫወት ብቻ ከሆነ አታስብበት። ኪቦርድ ሰክተህ በቀጥታ የምትጫወት ከሆነ አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን የድምፅ ድራይቨር ጫንና ባፈሩን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመውን የናሙና ብዛት) 512 አድርግ፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 256 ወደ 6 ይወርዳል፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ግን ይንጣጣል። የዊንዶውሱንም የሆስቱንም ሬት (በሰከንድ የሚጫወተውን የናሙና ብዛት) 44.1 ላይ አድርጋቸው። አንዳንድ የድሮ ፕለጊን የሆስቱን ሬት አይከተልም፤ ሆስቱ 48 ላይ ካለ ሙዚቃው አንድ ተኩል ሰሚቶን ያህል ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ድምፃዊው ግራ ይጋባል፣ አንተም ፋይሉ የተበላሸ ይመስልሃል።

ፕለጊኑ ካልተገኘና ያለህ የድራይቨሩ ሲዲ ብቻ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒዩተርህ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒዩተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ኤክስፒ ጫን። 512 ሜጋ ራምና 10 ጊጋ ዲስክ ይበቃዋል፣ የድምፅ ካርዱን ኤሲ97 አድርግለት። ኢንተርኔቱን አጥፋበት፤ የኤክስፒ ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መዘግየቱ ብዙ ስለሆነ መድረክ ላይ አይረባም፤ የድሮ ቅንብሮችህን አንድ በአንድ ወደ ዌቭ የድምፅ ፋይል ለመገልበጥ ግን ጥሩ ነው። መብራት በመሀል ሊሄድ ስለሚችል የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቶ ሳለ ሥራው።

የያማሃው ድምፅ ግዴታ ካልሆነ ሳውንድፎንትም (የመሣሪያ ድምፅ ናሙናዎችን የያዘ ፋይል) አለ፦ የኩልሶፍት ቨርቹዋል ሚዲ ሲንት ላይ ጄኔራል ዩዘር ጂኤስ ወደ 30 ሜጋ፣ ፍሉይድ አር 3 ወደ 140 ሜጋ። በሞባይል ዳታ የምታወርድ ከሆነ በትንሹ ጀምር። ጥሩ ድምፅ ነው፣ ነገር ግን በያማሃው ሚዛን የተሠራ ቅንብር እዚህ ላይ ቤዙ ይገንናል፣ ሪቨርቡ ይለያል፤ እያንዳንዱን ፋይል እንደገና ሚክስ ማድረግ ይጠብቅሃል። ለአዲስ ሥራ እመርጠዋለሁ፣ ለድሮው አልመርጠውም።

ማክ ላይ ላላችሁ፣ ከካታሊና 10.15 ወዲህ 32 ቢት ፕሮግራም አይነሳም፤ በሳውንድፎንት ሂዱ።

ካልሠራልህ የኤረሩን ፎቶ፣ የፕለጊኑን ፋይል ስም ከነመጠኑ፣ ከተቻለም ከበሮው ፒያኖ የሚሆንበትን አንድ ሚዲ ፋይል እዚሁ ላክልን፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን የባንክ ቁጥሮች አይተን የትኛው ቻናል ላይ እንደተሳተ እንነግርሃለን።